ጥብስ ብላችሁ ቀቀላችሁት

ኧረ ተዉ ግን! «የቻይና አትክልት ጥብስ በ10 ደቂቃ» ይላል የምትለጥፉት የምግብ አሠራር ርዕሱ። ከዚያ አንድ ሙሉ ጥቅል ጎመን፣ ሦስት ካሮት፣ አራት ቃሪያና ግማሽ ኪሎ ፎሶሊያ በአንዴ መጥበሻው ላይ ይገለበጣል፣ ሶያ ሶስ ከላይ ይንቆረቆርበታል፣ ክዳን ይደፋበታል። ሲከፈት የሚወጣው ምንድን ነው? አልጫ። ያውም የጠቆረ አልጫ። «የኔ ለምን ውሃ በዛበት?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ ሶሱን ቀይረው፣ የውጭውን ግዛ፣ ውድ ነው እንጂ እሱ ይሻላል።

ሶሱ ምን አደረገ? የሶስ ጠርሙስ እየተቀያየረ ስንት ጎመን ተጣለ በፈጣሪ! ችግሩ ውሃው ነው። ከውሃው ጋር ሳትጣሉ ከሻንጋይ በፖስታ የመጣ ሶስ ብታፈሱበትም ያው ቅቅል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጥበሻው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ አትክልቱ ከዚያ ብዙም አያልፍም፣ እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታነዱት። ያ ጠርዙ ቡናማ ያለ፣ ጎረቤት የሚጠራው የጥብስ ሽታ ግን የሚመጣው ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያለው ነው ጥብስን ከቅቅል የሚለየው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ግማሽ ኪሎ ቅጠል ታጥቦ ሳይንጠፈጠፍ ቢገባ 100 ግራም ውሃ ተሸክሞ መግባቱ አይገርምም። ያንን ውሃ ወደ እንፋሎት ለመቀየር 226 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። የ1500 ዋት ኤሌክትሪክ ምድጃ ቅንጣት ሙቀት ሳያባክን ቢሠራ እንኳ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ ግማሹ አየር ላይ ስለሚበተን አምስት ደቂቃ በሉት። ይሄ እንግዲህ ከላይ የተንጠለጠለው ውሃ ብቻ ነው! ጥቅል ጎመን ራሱ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ እሱም ሲሞቅ ያለቅሳል። ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ጎመኑ ልፍስፍስ ብሎ ቀርቷል።

አሁን አሠራሩ የተቀዳበት የቻይና ቪዲዮ ላይ ያለውን ምድጃ ተመልከቱ። የቻይና ምግብ ቤት የዎክ (የጎድጓዳው የቻይና መጥበሻ) ምድጃ በሰዓት 100,000 ቢቲዩ እና ከዚያ በላይ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ወደ 30 ኪሎ ዋት። ከእናንተ ምድጃ ሃያ እጥፍ! እዚያ አብሳዩ እርጥብ ቅጠል ቢወረውርም ውሃው ቸስስ ብሎ በሰከንዶች ይተናል። የደቡብ ቻይናዎቹ ካንቶኖች «ዎክ ሄይ»፣ የዎክ እስትንፋስ የሚሉት ያ ጭስ ጭስ የሚል ጣዕም የሚመጣው ከዚያ እሳት ነው። ቪዲዮውን ተርጉሞ የሚያስተምረው ሰው ግን «እሳቱን ከፍ ማድረግ እንዳትረሱ» ብሎ ያልፋል። የት ድረስ ከፍ እናድርገው? መደወያው 6 ላይ ያልቃል እኮ! (ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ብዙ ኃይል የሚስበው የእንጀራ ምጣዱ ነው፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት። ሸክላ ነው፣ አይሆንም፣ እንዳትሞክሩት።)

ምድጃውን መቀየር ካልተቻለ የሚቀየረው መጠኑ ነው። በአንድ ዙር ከ250 ግራም አትክልት አይለፍ። አራት ሰው ካለ አራት ዙር ይጠበሳል፤ እያንዳንዱ ዙር ሁለት ሦስት ደቂቃ ስለሆነ አንዱን እሹሩሩ ሲሉ ከመዋል ይፈጥናል። ቅጠሉ ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይታጠብና ማጥለያ ላይ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ፎጣው ካልረጠበ ጥሩ፤ ከረጠበ ያ ውሃ መጥበሻ ላይ ሊገባ የነበረ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ግማሹ ብሶት ያልቃል።

መጥበሻውን በተመለከተ፦ ታቹ ክብ የሆነ ዎክ ገዝታችሁ ጠፍጣፋ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ካስቀመጣችሁት ምድጃውን የሚነካው የስኒ ማስቀመጫ በምታክል ቦታ ብቻ ነው። ሌላው አካሉ ቀዝቃዛ ጌጥ ነው። ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ዎክ፣ እሱ ከሌለ 28 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወፍራም የብረት መጥበሻ ይሻላል፤ ብረቱ ወፍራም ሲሆን ሙቀት ያጠራቅማል፣ አትክልቱ ሲያርፍበት በአንዴ አይቀዘቅዝም። ባዶውን አራት አምስት ደቂቃ አግሉት። ጠብታ ውሃ ጣል ስታደርጉበት እዚያው ከተነነ ገና ነው፤ ጠብታዋ ድብልብል ብላ እንደ ብይ ከተንከባለለች ደርሷል። ያኔ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ዞር ዞር አድርጉት፣ ስስ ጭስ ሲጀምር አትክልቱ ይግባ። ቴፍሎን ከሆነ ግን ባዶውን አታግሉት! ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ ሽፋኑ መበላሸት ይጀምራልና በትልቅ እሳት ላይ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። አሜሪካና አውሮፓ አፓርታማ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ መስኮቱን መጀመሪያ ክፈቱ፣ ያ የጭስ ደወል ለጎመን አያዝንም።

እና እጃችሁን ሰብስቡ! ይሄ የእኛ አመል ነው። ቁሌት ያሳደገው እጅ ሽንኩርቱ እንዳያር ማማሰያውን ይዞ ቆሞ መዋል ይወዳል። ለወጥ ልክ ነው፤ ቀይ ሽንኩርት ውሃውን ጨርሶ እስኪጣፍጥ ጊዜ ይፈልጋል። ይሄኛው ግን ተቃራኒው ነው። ጎመኑ ከገባ በኋላ 30 ሰከንድ አትንኩት። ታቹ ይጠበስ። ከዚያ ከሥር ገልብጡት፣ እንደገና 20 ሰከንድ ተዉት። በየሰከንዱ ካማሰላችሁት የሚነካው ብረት ሁሉ እየቀዘቀዘ ምንም ሳይጠበስ ውሃውን ያወጣል። ጨውም መጨረሻ ላይ ይግባ፤ መጀመሪያ ከገባ ውሃ ጎትቶ ያወጣል።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጀመሪያ፣ በጋለ ዘይት፣ «ቡናማ እስኪሆን» የሚለው መመሪያ ደግሞ የማን ፈጠራ ነው? ድቅቅ ብሎ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት በሚያጨስ ዘይት ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ነው ዕድሜው። ቡናማ ሆኖ አትክልቱ ከገባ፣ አትክልቱ እስኪበስል እሱ ከሰል ሆኖ ሁሉንም ያመርረዋል። ወይ በስሱ ቆርጣችሁ ሽታው እንደወጣ አትክልቱን ጨምሩበት፣ ወይ አትክልቱ ግማሽ ሲደርስ መሃሉን ከፍታችሁ ጣሉት።

ሶያ ሶሱስ? ቻይና ውስጥ ቅጠላ ቅጠል በቤት ሲጠበስ በብዛት «ቺንግ ቻኦ» በሚባለው መንገድ ነው፤ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። አለቀ። ሶያ ሶስ የለም። እኛ ጋ ግን ሶስ ያልተደፋበት አትክልት ቻይንኛ አይመስልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀጭኑ ሶያ ሶስ ከሁለት ግራም በላይ ጨው አለው፤ አራት ማንኪያ ከደፋችሁ በኋላ «ለጣዕም ጨው» መጨመር ምን ይባላል? ጥቁሩ ወፍራም ሶያ ሶስ ደግሞ ለቀለም ነው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ሶያ ሶስ» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሰው የጻፈውን ራሱ አላበሰለውም። ሲጨመርም አትክልቱ ላይ አታፍሱት፣ በመጥበሻው ጠርዝ ዙሪያ አስዙሩት፤ ብረቱን ነክቶ ሲንጫጫ ነው ሽታው የሚወጣው። የሰሊጥ ዘይት (ያ የተቆላው፣ ቡናማው) እሳት ከጠፋ በኋላ ጥቂት ጠብታ ነው። በእሱ የምትጠብሱ ሰዎች፣ ገንዘባችሁን ነው የምታቃጥሉት።

ሶስ የማያስፈልግ መሆኑን ማየት የሚፈልግ ድንች ይሥራ። ቻይናዎች «ሷን ላ ቱዶው ስ» ይሉታል፣ ጎምዛዛና የሚያቃጥል የድንች ክር። ከጉሊት የማይገኝ አንድ ነገር የለበትም። 250 ግራም ድንች፣ መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ወዳለው ክር ይቆረጣል። ውሃው ጥርት እስኪል ሁለት ሦስቴ ታጥቦ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በገባበት ቀዝቃዛ ውሃ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። የሚታጠበው ስታርቹ እንዲወጣ ነው፤ ሳይታጠብ ከገባ መጥበሻው ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቅና ድንቹ እየተላጠ ይቀራል። አቼቶው ደግሞ ድንቹን እንዳይፈርስ ያጠነክረዋል። ተንጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት ላይ አራት አምስት ፍሬ ደረቅ በርበሬ (እንዳይጠቁር!)፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ድንቹ። እዚህ ላይ ብቻ እጃችሁ አይቁም፣ ክሩ እርስ በርሱ እንዳይያያዝ ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ። ወዲያው አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ መጨረሻ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ቁንጥር ስኳር። በቤት ምድጃ ሦስት አራት ደቂቃ። ክሩ ጥርስ ስር ቀጭ ማለት አለበት። አዎ፣ ድንች፣ ቀጭ! ቤተሰብ «ጥሬ ነው» ብሎ እንዲመልስላችሁ አትፍቀዱ፤ እንደዚያ ነው የሚበላው።

ሥጋ ላይ ያለው ብሶት ሌላ ነው። «የቻይናው ሥጋ ለምን ይለሰልሳል?» ሲባል ሁሉም ምስጢር አለው። ምስጢር የለም። ሥጋውን 40 ደቂቃ ያህል ፍሪዘር አስገብታችሁ ጠንከር ሲል፣ ከጭረቱ በተቃራኒ 3 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ለ300 ግራም ሥጋ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም!)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች፣ በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፤ 20 ደቂቃ። ሶዳው ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ለሁለት ዙር ከፍላችሁ ጠብሱ፣ ግማሽ ሲበስል አውጡ፣ አትክልቱ ሲያልቅ መልሱ።

ስታርች ስል ደግሞ ያ ነጩ የበቆሎ ስታርች ነው። «ኮርን ፍላወር» የሚለውን «የበቆሎ ዱቄት» ብሎ የተረጎመው ሰው የት እንዳለ ባውቀው! ወፍጮ ቤት የተፈጨ በቆሎ ገብቶበት ሶሱ ገንፎ የሆነ ስንት አለ። ለአንድ ዙር አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች በአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ከመጨመሩ በፊት እንደገና ይማሰላል (ታች ይዘቅጣል)፣ ከዚያ ለግማሽ ደቂቃ ይፍላ። ውሃ የበዛበትን ጥብስ ለማዳን ግን አትጨምሩት፤ አጥሚት ነው የምታገኙት።

ፎሶሊያ የሚጣደፉበት አይደለም። የቻይናዋ ሲቹዋን ግዛት «ጋን ቢየን» (ደረቅ ጥብስ) ሲሠራ ታጥቦ ውሃው የደረቀ እሸት ፎሶሊያ በመካከለኛ እሳት፣ ዘይት በዛ ብሎ፣ ቆዳው እስኪሸበሸብ ድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይጠበሳል። «ቀጭ ይበል» ተብሎ ጥሬነቱ ሳይጠፋ የወረደ ፎሶሊያ ሌክቲን የሚባል ነገር ስላለው ሆድ ያውካል፣ ያስመልሳል። እንቁላል በቲማቲም እንኳ ቀላል ነው፤ እንቁላሉ ለብቻው ጠብሳችሁ አውጡት፣ ቲማቲሙን በጨውና በአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አቅልጡ፣ መልሱት። አብራችሁ ካፈሰሳችሁ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ እንቁላል ነው።

«የጾም ቻይኒዝ» ብላችሁ የምትለጥፉ ደግሞ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ እንጂ! ኦይስተር ሶስ ከስሙ ጀምሮ ከባሕር እንስሳ የተሠራ ነው። ከእንጉዳይ የሚሠራ አለ፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎበታል። ሥጋው በቶፉ (በአኩሪ አተር አይብ) ከተተካ በኋላ የእንቁላል ነጭ የሚቀባበትም አይቻለሁ። ጾም ነው እያሉ!

እና ክዳኑ። ክዳን እንፋሎቱን መልሶ ወደ መጥበሻው ያዘንባል፤ ስንት ደክማችሁ ያወጣችሁትን ውሃ ነው የምትመልሱት። ጎመኑ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ማን ሊሰርቀው ነው የምትከድኑት?