መድኃኒቱ ሳንባዋ አይደርስም ነበር

የአስም ሕመምተኛ ከድንገተኛ ክፍል ከመሸኘቱ በፊት ራሱን መንከባከብ ይማር የሚለው ምክር ልቤን ነካው። አስም ያለባትን እናቴን ስንቴ ሌሊት ይዘናት ሮጠናል። ትንፋሿ ሲመለስ ወረቀት ሰጥተው ይሸኙናል። በቃ። አንድ ቀን አንዲት ነርስ «እስቲ እማማ፣ እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ» አለቻት። እናቴ ሳልቡታሞሉን፣ ማለትም የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን በአፍ የሚነፋ መድኃኒት (ፓፍ)፣ ሳትነቀንቅ አፏ ውስጥ ጫን አደረገችው፤ ግማሹ ተመልሶ ወጣ። ለካ እስከዛሬ በደንብ አይገባላትም ነበር! ነርሷ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ከታች በስታ ፓፉን ሰካችበት። እናቴ በፕላስቲኩ አፍ በኩል መድኃኒቱን ቀስ ብላ ስባ፣ ትንፋሿን ይዛ እስከ 10 እንድትቆጥር አሳየቻት። ሌላው የምትስበው መድኃኒት፣ የአየር ቧንቧ ብግነት የሚቀንሰው ቤክሎሜታዞን፣ ሲሻላት የሚተው ሳይሆን በየቀኑ የሚወሰድ መሆኑንም ያኔ ሰማን። እባካችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ መናገር ብቻውን አይበቃም። ሕመምተኛው ፊታችሁ ይሞክረው፤ አስታማሚውም አብሮ ይይ።