ከሀድሪያን ግንብ ማዶ ያለው ስኮትላንድ አይደለም

ውድ ጸሐፊ፣ ሮማውያን ስለሠሩት ጥንታዊ ግንብ ባወጡት ጽሑፍ «የሀድሪያን ግንብ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ድንበር ነው» ብለዋል። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ግንቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንግሊዝ ውስጥ ነው ያለው። ከምሥራቅ ጫፉ ከዎልሰንድ ተነስተው ወደ ሰሜን ቢሄዱ፣ ስኮትላንድ ለመግባት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርዎታል። ድንበሩ የሚጠጋው በምዕራብ፣ በቦውነስ በኩል ብቻ ነው።

ሮማውያን ግንባታውን የጀመሩት በ122 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ እንግሊዝ የሚባልም ስኮትላንድ የሚባልም አገር አልነበረም። ደግሞም እዚያ አልቆሙም። በ142 ወደ ሰሜን ገፍተው፣ ዛሬ ስኮትላንድ በሆነው ምድር ሌላ ግንብ ጀምረዋል።

እኛ በአርኪኦሎጂ የምንሠራ ሰዎች እዚያ የምናየው የድንበር መስመር ሳይሆን የኑሮ አሻራ ነው። ገደሉ፣ ነፋሱ፣ በፍርስራሹ መሃል የሚግጡ በጎች። ከግንቡ የተወሰደው ድንጋይ በአካባቢው እርሻ ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች ግድግዳ ውስጥ አለ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ከግንቡ በስተደቡብ ያለው የቪንዶላንዳ ምሽግ ነው። እርጥቡ አፈር አየር ስለማያስገባ፣ በስስ እንጨት ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎችን ጠብቆ አቆይቷል። አንዷ የሮማ መኮንን ሚስት ክላውዲያ ሴቬራ፣ ጓደኛዋን ለራሷ የልደት ቀን የጠራችበት ደብዳቤ ከነዚህ አንዱ ነው። አፈሩ ከደረቀ እንዲህ ያለው ቅርስ ይበሰብሳል። ስለዚህ ስለ ግንቡ ሲጽፉ፣ እባክዎ ድንበሩን ትተው ይህን ይንገሩልን።