«አልነዳም» ማለትም የሹፌሩ ሥራ ነው

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የከባድ መኪና አደጋን ጥፋት በሙሉ በባለንብረቱና በስምሪት ክፍሉ ላይ ጥሎታል። ሹፌሩ እንዲነዳ ጫና ማድረጋቸው አይካድም። መሪውን የሚይዘው ግን ሹፌሩ ነው፤ መኪናውን ላለማስነሳት የመጨረሻው ዕድልም በእሱ እጅ ነው።

እምቢ ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ «ፍሬኑ ደስ አላለኝም» ብቻውን አያስኬድም። የአየር ፍሬን ከሆነ አየሩ ይሙላ፣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ፣ ሞተሩ ይጥፋ፤ ከዚያ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ የእግር ፍሬኑ ለ1 ደቂቃ ተረግጦ ይያዝ። መጀመሪያ ሲረገጥ ከሚወርደው ውጪ፣ ተሳቢ በሌለው መኪና ከ3 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ተሳቢ ባለው ከ4 በላይ ከወረደ ስርዓቱ አየር ያፈስሳል። ቀጥሎ ቁልፉን ከፍቶ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጡ አየሩን ማውረድ ነው። የአየር ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ ከ60 ፒኤስአይ በታች ወርዶም የአየር ማነስ ማስጠንቀቂያው ዝም ካለ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስ።

«ቀስ ብለህ ቁልቁለቱን ትወርደዋለህ» የሚሉት ምክር ሰው ይገድላል። ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ታምቡር ሲግል ይሰፋና እሱን ተጭኖ ከሚያቆመው ሸራ ይርቃል፤ ቀድሞውኑ በደንብ ያልተስተካከለ ፍሬን ያኔ ጨርሶ አይዝም። ትርፍ ጭነት ደግሞ ሙቀቱን ያባብሰዋል።

ድካምም እንደ ብልሽት ይቆጠር። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየት በደም ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሁኔታ ጋር የሚቀራረብ የንቃት መቀነስ ያስከትላል።

እምቢታው በቃል ብቻ አይቅር። ሰሌዳው፣ ሰዓቱና የጌጁ ንባብ ከፎቶ ጋር በጽሑፍ መልእክት ይላክ፤ ያንኑ መኪና ለሚረከበው ሹፌርም ይነገረው።