ኑሩልን፣ ጋሼ «በጥናት ተረጋግጧል»

ሰሞኑን ደግሞ መጣ አይደል? ያው መልእክት። «ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ 9 ሰዓት ላይ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ። ናሳ አረጋግጧል። ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ።» የሚወደኝ ሰው ይህን ያህል ብዙ መሆኑን ያወቅኩት ያን ማታ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በየካፌው፣ በየልቅሶ ድንኳኑና በየሚኒባሱ የኋላ ወንበር ለተሰማሩት ሊቃውንት ምስጋናዬን ላቅርብ። ስም መጥራት አያስፈልግም። እናንተም ሰፈር አንድ አለ። ጠዋት የሥነ ምድር ተመራማሪ ነው። ከሰዓት የኢነርጂ መሐንዲስ። ሲመሽ ቀዶ ሐኪም። ለሦስቱም አንድ መሣሪያ ይበቃዋል። «በጥናት ተረጋግጧል» ይላል፣ አለቀ።

ሌላው ዓለም ምን ያህል ወደኋላ እንደቀረ የሚታየው በመሬት መንቀጥቀጡ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መንቀጥቀጥ መመዝገብ ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ማጀቴን አፍርሶ ካራቆሬን የጎዳው ተመዝግቧል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ ዐለት፣ ከሥር ቋጥኙን እየሰነጠቀ ሲገባ፣ መሬቱ የቱ ጋ ከፍ፣ የቱ ጋ ዝቅ እንዳለ ከሳተላይት ተለክቷል። ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ የትልቅ መንቀጥቀጥ ቀንና ሰዓት ቀድሞ የተናገረ ሳይንቲስት እስካሁን የለም። የአሜሪካ የሥነ ምድር ተቋም ራሱ ይህንኑ በይፋ ጽፏል። «በዚህ ዓመታት ውስጥ ዕድሉ ይሄን ያህል ነው» ይላሉ እንጂ ሰዓት አይቆርጡም። አቤት ስንፍና! የእኛ ሊቅ ሰዓት ቆርጦ መጣ።

ግን የማን 9 ሰዓት? እዚህ ላይ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። «ናሳ ፈረንጅ ነው፣ የሱ 9 በእኛ 3 ነው» ያሉት ራታቸውን ሳይበሉ ወጡ። «መልእክቱ በአማርኛ ነው የመጣው፣ በእኛ አቆጣጠር ነው» ያሉት ደግሞ ለ8 ተኩል አላርም ሞልተው ተኙ። አንድ ጎረቤታችን የሁለቱንም ወገን ሐሳብ አከበረ። ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ግቢው ውስጥ ቆመ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ አልተርክም። በርኖስ ላይ ጋቢ፣ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ። ትከሻው ላይ የልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ። ውስጡ የቤቱ ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀትና በላስቲክ የተቋጠረ በሶ። 3 ሰዓት አለፈ። 9 ሰዓትም አለፈ። የተንቀጠቀጠው እሱ ብቻ ነው።

ጠዋት ሊቁ አፍሮ የሚደበቅ ከመሰላችሁ ሊቅ አታውቁም። ማኪያቶውን እያማሰለ «ተራዝሟል» አለ። እንደ ዕድር ስብሰባ! ለመቼ? «ለሐሙስ።» ለምን? «በቴክኒክ ምክንያት።» ሐሙስም በሰላም አለፈ። አርብ ዕለት መንቀጥቀጡ ሌላ አገር መምታቱን አበሰረን። በዓለም ላይ በየቀኑ የሆነ ቦታ መሬት ስለሚንቀጠቀጥ፣ እውነቱን ነው። በጭቃ የተካበውን የድንጋይ ግድግዳችሁን አጠናክሩ የሚል መልእክት ግን ማንም ልኮልኝ አያውቅም። ሰዓት ስለሌለው ይሆናል።

ከሰዓት ወደ ኢነርጂ ክፍሉ ይዛወራል። ነዳጅ የማይፈልግ ጄኔሬተር ተገኝቷል። ሞተሩ ዳይናሞውን ያዞራል፣ ዳይናሞው ባትሪውን ይሞላል፣ ባትሪው ሞተሩን ያዞራል፤ የተረፈው ለምጣድ። ቪዲዮም አለው። ከጠረጴዛው ሥር የሚወርደውን ገመድ አትዩ። ነዳጅ የማይፈልገው ንፋስ እንኳ ገደብ አለው። አልበርት ቤትስ የሚባል ጀርመናዊ፣ የንፋስ ተርባይን ከንፋሱ ጉልበት ከ59.3 በመቶ በላይ ሊወስድ እንደማይችል ካሰላ መቶ ዓመት አልፎታል። ምስኪን፣ ፌስቡክ አልነበረውም። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል፤ እኩል ፍጥነት ካለው ንፋስ የሚገኘውም ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል። መሐንዲስ ይህን ሲያሰላ ይውላል። የእኛ ሰው ሼር አድርጎ ጨርሷል።

ማታ ቀዶ ጥገና ነው። እዚህ ላይ እንኳ እውነተኛ ጥናት ሰምቷል፤ ግማሹን። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ ትርፍ አንጀት በታመሙ 1,552 አዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ገሚሱ በቀዶ ጥገና፣ ገሚሱ በአንቲባዮቲክ ታከሙ። ከ30 ቀን በኋላ በጤንነታቸው አንቲባዮቲክ የወሰዱት አላነሱም። እዚህ ድረስ ሰማ። አንቲባዮቲክ ከወሰዱት ከ10ሩ 3ቱ ያህል በ90 ቀን ውስጥ ቀዶ ጥገና መግባታቸውን አልሰማም። መግሉ ሆዱን ሁሉ ያዳረሰበት ሰው መጀመሪያውኑ ጥናቱ ውስጥ እንዳልገባም አልሰማም። በሱ አፍ ሲወጣ እንዲህ ሆነ፦ «ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን እንደማያስፈልገው በጥናት ተረጋግጧል። ነጭ ሽንኩርት በማር ነው። ቢላ ከነካው አበቃለት።»

ሽሙጡ እዚህ ላይ ይቁም። ከቆላው በቃሬዛ እስከ አስፋልት፣ ከዚያ በተገኘ መኪና ጣርማ በርን ወጥቶ የሚመጣ በሽተኛ አለ። ሆዱ ደርቋል፣ ትኩሳቱ ያነደዋል። ሐኪሙ «መቼ ጀመረህ?» ይላል። ቀናት አልፈዋል። መንገዱ ራሱ ርቆት የዘገየ አለ፤ እሱ ይቅር። ግን ማር በነጭ ሽንኩርት እያላችሁ አልጋ ላይ ያስተኛችሁትስ? በጊዜ ቢደርስ በሚድንበት በሽታ ሰው ይሞታል፣ እናንተ ላይክ ትቆጥራላችሁ። ሆዱ ያንተ አይደለም። ሕመሙም ያንተ አይደለም። ዝም በል!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። ባለፈው አንዲት ወጣት ነርስ ካፌ ውስጥ ደፈረችው።

«ጋሼ፣ ማነው ያጠናው?»

«ፈረንጆች።»

«የት?»

«ውጭ ነዋ!»

«መቼ?»

«በቅርቡ።»

ልጅቷ ዝም አለች። እሱም ከልቡ አዘነላት። «እናንተ ልጆች እኮ ማንበብ ትታችኋል» አላት፣ ቲክቶኩን እየከፈተ።