አዳማ ላይ መኪና የሚሞቀው ከየትኛው ብርድ ነው?

እንዲያው በፈጣሪ፣ አዳማ ላይ አንድ የቤት መኪና በየማለዳው ሃያ ደቂቃ ቆሞ የሚሞቀው ከየትኛው ብርድ ነው? ደብረ ብርሃን ሳር ላይ አመዳይ ይዘረጋል፣ እዚያ ያለ ሰው ቢያሞቅ ምክንያቱን እረዳለሁ። እኛ ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ንጋት ላይ ነጠላ ቢያስደርቡም ውሃ የሚያረጋ ብርድ አዳማ አታውቅም። ደግሞ የእኛ ግቢ ጎረቤት በሚያዝያም ያሞቃል! ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ከፍተን በምናድርበት ወር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢያችን በተርታ የተሠሩ የሰርቪስ ቤቶች ያሉበት ነው። መኪናው ማታ በፊቱ ይገባና የጭስ ማውጫው ወደ ቤቶቻችን ዞሮ ያድራል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ይነሣል፣ ባለቤቱ ፊቱን ሊታጠብና ቁርሱን ሊበላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ጥላሸት ይዞ ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ክብ ሠርቷል። ትይዩ ያለው ግድግዳ በነጭ ኖራ የተቀባ ነበር፤ ዛሬ ከጉልበት በታች ያለውን ቀለሙን አትለዩትም። እኔ የመስኮቴን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፌ እተኛለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ አራስ አለች። አራስ ቤት ጭስ ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ እስቲ፣ ትናንት የተወለደ ሕፃን የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

ጭሱ ደግሞ ተራ ጭስ አይደለም። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን በደንብ ስለማይተን የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጁን ያበዛዋል፣ ከፊሉም ሳይቃጠል ይወጣል። ጭሱን የሚያጣራው ክፍል ሥራውን በሚገባ የሚጀምረው ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ቆሞ በሚሠራ መኪና ላይ እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። እስከዚያ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንዳለ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። በአፍንጫችን የሚመጣው ሽታ ያስጠነቅቀናል፣ እሱ ግን ዝም ብሎ ይገባል።

ተናግሬአለሁ፣ ዝም አላልኩም። «ጋሼ፣ እባክዎ ቶሎ ይውጡልን፣ ወይም መኪናውን አዙረው ያቁሙት» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሯጭ እንኳ ሳያሟሙቅ አይሮጥም» አሉኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ሯጭ የሚያሟሙቀው ቆሞ ነው እንዴ? ቀስ ብሎ በሶምሶማ ነው። ሞተርም የሚሞቀው ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው። ቆሞ ሲሠራ ጫና ስለሌለበት ሙቀቱ በዝግታ ነው የሚጨምረው፤ ማርሹና ጎማው ደግሞ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ እንደቀዘቀዙ ይቆያሉ። ዘይቱ ሞተሩ በተነሣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደ ላይኛው ክፍል ይደርሳል፣ ቀዩ የዘይት መብራት የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ደቂቃ ሞተሩን ሲጎዳው እንጂ ሲጠቅመው አላየሁም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። አንዳንዱማ ቶሎ ይሙቅልኝ ብሎ ነዳጁን ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። ለቀዝቃዛ ሞተር ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በላዳና በፊያት ዘመን ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ነበር፣ ኮምፒውተር አልነበረም። ጠዋት አየሩን ቀንሶ ነዳጁን የሚያበዛው ቾክ ተስቦ፣ ትንሽ ካልቆየ መኪናው አስፋልት ሳይደርስ ይጠፋል። ያን ጊዜ መንዳት የተማረ ሰው ማሞቁን ለልጁ አስተማረ፣ ልጁም ለተከታዩ። የእኛ ጎረቤት ግን የሚነዱት ቪትዝ ነው። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ላይ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነዳጅ የሚረጨው በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው፤ የሙቀቱን መጠን ለክቶ ራሱ ያስተካክላል። የአየር ፍሬን ያለው ትልቅ የጭነት መኪና ሌላ ነገር ነው፤ ጋኑ አየር እስኪሞላ መጠበቅ ግዴታው ነው፣ ሹፌሩን አልወቅስም። የቤት መኪና ግን ምን አየር ይጠብቃል?

ስጋታቸውም ይገባኛል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ያለውን እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ የሁሉም ሰው ጭንቀት ሆኗል። ግን እኮ ነዳጁስ? ሰው ማደያ ላይ ተሰልፎ ፀሐይ አናቱን እየበሳው ያገኘውን ቤንዚን ግቢ ውስጥ ቆሞ ያቃጥለዋል። ትንሽ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ይበላል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በቀን ሃያ ደቂቃውን በወር ብታባዙት አምስት ሊትር ገደማ ነው። በዚህ ኑሮ ውድነት!

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ይሉኝታችን ነው። ተከራዩ ሁሉ ያስላል፣ ሁሉም በየክፍሉ ያማርራል፣ ግቢ ውስጥ ሲገናኝ ግን «እንደምን አደሩ» ብሎ ያልፋል። አከራያችን ዘንድ ሄጄ ስናገር «እሳቸው ደህና ሰው ናቸው፣ ኪራይም አያዘገዩም» ተባልኩ። ደህና ሰው መሆናቸውን መች ካድኩ? ሰው ሲታመም ሌሊት በዚያው መኪና ሐኪም ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። የምለምነው ስለ ጭሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ግቢ ውስጥ መኪና የምታሳድሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ማታ ስትገቡ መኪናውን በኋላ ማርሽ አስገቡት፣ የጭስ ማውጫው ወደ አጥር ይዙር። ጠዋት ቁርሳችሁን ብሉ፣ ዕቃችሁን ጫኑ፣ የግቢውን በር ክፈቱ። ሞተሩን የምታስነሡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀበቶ እስክታስሩ ያለው ጊዜ ለአዳማ ብርድ ይበቃል። ከዚያ ውጡና የሙቀት መለኪያው ከፍ እስኪል ድረስ ነዳጅ ሳትረግጡ ቀስ ብላችሁ ንዱ። አራሷ ገና ብዙ ቀን ይቀራታል፤ ቢያንስ እሷ እስክትነሣ ድረስ ይህን አድርጉልን።