ዓመቱን ሙሉ ያው ጥፋት

የዓመቱን የጎጃም ጉዞ ዞር ብሎ ላየው ያናድዳል። ጢስ ዓባይን በየካቲት ሄዶ «ይኸው ነው እንዴ?» ማለት ምን ይሉታል? ዝናብ የለ፣ ያለውም ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ይጠለፋል፤ ወጉ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በሸራ ጫማ ይወጡታል! የጥጥ ልብስ ከረጠበ ገላን ያቀዘቅዛል። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ የዝናብ ልብስ፣ ትርፍ ካልሲ በፌስታል።

ዘመድ ጥየቃውማ ባሰ። በሐምሌ መኪና ይዞ ዋልካ ውስጥ! ጎማው ባለበት መዞር ሲጀምር ነዳጅ መርገጥ ይበልጥ ይቀብረዋል። ጭቃውን ከፊቱ ዝቆ፣ ድንጋይ ጎዝጉዞ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ማለት ነው።

ደግሞ እንግዳው ከቀኑ 10 ሰዓት ደርሶ «አላድርም» ይላል፤ የዶሮው ሽንኩርት ገና እየተቁላላ!