ቲሸርቱ ይቅር፣ አጫዋቹ ይከፈለው

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስብሰባ ይጠራል። «ልጆቹ በእረፍቱ ምን ይሁኑ?» ይባላል። ሁሉም ይጨነቃል፣ ከዚያ ለእረፍት ጊዜ የጨዋታ ፕሮግራም በጥድፊያ ፕሮፖዛል ይጻፋል። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ባነር አለ፣ ቲሸርት አለ፣ የድምፅ ማጉያ ኪራይ አለ፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ሥነ ሥርዓት አለ። ከልጆቹ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚውለው ሰው ግን «በጎ ፈቃደኞች» በምትል አንዲት ቃል ታልፏል።

በጎ ፈቃደኛ አልጠላም፣ ራሴም ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ነበርን። በአራተኛው ቀን አራት ቀረን። አንዱ ሥራ አገኘ፣ አንዷ ታመመች፣ ሌላው ዝም ብሎ ጠፋ። በማናቸውም አልፈርድም። የትራንስፖርት እንኳ ሳይሰጠው ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ና የተባለ ሰው ሦስት ቀን መምጣቱም ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ልጆቹ ላይ ነው የሚወድቀው። ትናንት የአንዲትን ልጅ ስም ያወቀላት ሰው ዛሬ የለም፣ ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ ፊት ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ በጀቱ ከሰው ይጀምር። እስቲ አብረን እናስላ። 40 ልጆች፣ 10 ቀን እንበል። ለ8 ልጅ አንድ አዋቂ ካልን 5 አጫዋች፣ ማለትም ከልጆቹ ጋር ውሎ የሚያጫውት ሰው፣ ያስፈልጋል። አንድ አስተባባሪ ጨምሩ፣ ሰው ሲቀር የሚተካ አንድ ተጠባባቂ ጨምሩ፣ 7 ሆኑ። በ10 ቀን 70 የሥራ ቀን ማለት ነው። ከመጀመሩ በፊት ለሥልጠናና ለዝግጅት ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቀን ስትሰጡ 84 ይደርሳል። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ የሚያውቅ፣ ልጅ ሲቆጠር አንድ ቢጎድል ምን እንደሚደረግ የገባው፣ ልጁን ማን መጥቶ መውሰድ እንደሚችል በጽሑፍ የያዘ ሰው የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ቀናት ነው። ከልጅ ጋር የሚውል ሰው ማንነቱ ተጣርቶ መሆን አለበት፣ ያም ጊዜ ይወስዳል። እንግዲህ 84ን በቀን ክፍያ አባዙት። ያ ቁጥር ከተገኘ በኋላ ነው ስለ ኳስና ስለ ቀለም የሚወራው።

ዕቃው እኮ ብዙም አያስጨንቅም። እ.ኤ.አ. በ1943፣ ዴንማርክ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ ኮፐንሃገን አጠገብ ኤምድሩፕ በተባለ ሰፈር አንድ የመጫወቻ ቦታ ተከፈተ። ሐሳቡ የካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ነበር። ሰውየው የመናፈሻና የመጫወቻ ቦታ ንድፍ አውጪ ነው፤ ግን ልጆቹ እሱ ባሠራው ቦታ ከመጫወት ይልቅ በየግንባታ ቦታው በወዳደቀው እንጨትና ጡብ መጫወት እንደሚመርጡ አስተዋለ። እናም ዥዋዥዌ መትከሉን ትቶ ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩበትና የሚያፈርሱበት ውድቅዳቂ የሞላበት ቦታ ይሁን አለ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ውድቅዳቂው ላይ ያቆማል። እዚያ ግን ጆን በርተልሰን የሚባል፣ ከልጆቹ ጋር የሚውል መሪም ነበር። ካርቶን፣ ገመድ፣ አሮጌ ጨርቅና ጎማ በነጻ ይሰበሰባል፤ ልጁ ከፍታ ላይ ሲወጣ መቼ ዝም ብሎ ማየት፣ መቼ ጠጋ ማለት እንዳለበት የሚያውቅ አዋቂ ግን በነጻ አይሰበሰብም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። የለጋሽ ድርጅት የበጀት ዓመት ከልጆቹ እረፍት ጋር ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ሦስት ሳምንት ሲቀር የተጠየቀ ገንዘብ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ቢለቀቅ አይግረማችሁ። የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ መጻፍ ያለበት የዘንድሮው ፕሮግራም ባለቀ በሳምንቱ ነው፣ ፎቶውም ትዝታውም ትኩስ እያለ። ደግሞ በአንድ ለጋሽ ላይ አትንጠልጠሉ። አዳራሽ በነጻ የሰጣችሁ ካለ የኪራዩን ዋጋ ገምታችሁ በጀቱ ላይ «በዓይነት የተገኘ» ብላችሁ አስገቡት። አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት አዳራሹ ሲከለከል ፕሮግራሙ እውነተኛ ወጪው ስንት እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ከወላጅ ይሰብሰብ የሚሉም አሉ። ይሰብሰብ፣ ግን በታሸገ ፖስታ፣ እንደ አቅም። ማን ከፈለ ማን አልከፈለ በር ላይ መታወቅ የለበትም። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ከአዋቂ ቀድመው ያነባሉ።

ለጋሾችንም አንድ ነገር ልበላችሁ። ሪፖርት ላይ «500 ልጆች ተሳትፈዋል» የሚል ቁጥር ትወዳላችሁ። ለአንድ ቀን 500 ልጅ ሰብስቦ መዝፈንና 50 ልጅን ለ10 ቀን ማጫወት ሁለቱም 500 «የልጅ ቀን» ናቸው፣ የልጆቹ ብዛት በቀኑ ሲባዛ ማለት ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ያምራል። በሁለተኛው ግን ዝምተኛው ልጅ በስድስተኛው ቀን ጓደኛ ያገኛል። ለየትኛው እንደምትከፍሉ አስቡበት። የአካል ጉዳት ላለበት ልጅ የሚመደበውን ተጨማሪ ረዳትም «ገንዘብ ከተረፈ» ከሚለው መስመር አውጡት፤ እዚያ የተጻፈ ነገር ሲፈጸም አይቼ አላውቅም። ሠራተኛ ወላጅም ትዝ ይበላችሁ። በምሳ ሰዓት የሚያልቅ ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ለምትውል እናት የለም ማለት ነው።

ወላጆች ደግሞ (ራሴንም ጨምሬ) «ምን ተማሩ?» ማለት እናብዛለን። ጠዋት ኮምፒውተር፣ ከዚያ ቋንቋ፣ ከዚያ ሒሳብ፣ በመጨረሻ «ነጻ ጨዋታ 20 ደቂቃ»። ይሄ ትምህርት ቤት ነው፣ ደብተሩ ብቻ ነው የቀረው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (የአገሮች ስምምነት) አንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን መብት ብሎ ነው የጻፋቸው። ዌልስ ይህን ከቃል አውጥታ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ አወጣች፤ የአካባቢ አስተዳደሮች ልጆች በቂ የመጫወት ዕድል እንዳላቸው የመገምገም ግዴታ ተጣለባቸው። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ2024 ጁን 11ን ዓለም አቀፍ የጨዋታ ቀን አድርጎ ሰይሟል። ቀኑን በባነር ለማክበርማ ማን ብሎን! እኔ የምፈልገው ግን የአካባቢ አስተዳደር በጀት ሲያወጣ «የእረፍት ጊዜ ጨዋታ» የምትል የራሷ መስመር ያላት ወጪ እንድትኖር ነው፣ በየዓመቱ ተለምና የምትመጣ ሳትሆን።

አንድ ቀላል ነገር ልጨምርና ላብቃ። በመጨረሻው ቀን፣ ሰው ሳይበተን፣ አጫዋቾቹ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው ይጻፉ። ምን አለቀ? ማንም ያልነካው ዕቃ የቱ ነው? ልጆቹስ ራሳቸው ምን ይደገም አሉ? በሦስተኛው ቀን የቀረችው ልጅ ለምን እንደቀረች የሚያውቅ ሰው ያኔ ካልተጠየቀ ከስድስት ወር በኋላ ስሟንም አያስታውስም። ለዚያች አንድ ሰዓትም ይከፈላቸው።